ብር ስንል የቱን ብር ማለታችን ነው?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት የታሪክ ፍቅር ይዞኝ አይደለም። ጥፋት ሠርቼ ነው። ጥፋቴን ሳስተካክል ያገኘሁትን ታሪክ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው እናንተ ዘንድ ያመጣሁት።

እዚህ ሱወይዲ የምንጥለው ዕቁብ ሃያ አባላት አሉት። ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው ዓርብ እያንዳንዳችን 500 ሪያል እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 10,000 ሪያል ይዞ ይሄዳል። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። እናንተም እንደምታውቁት እኛ መሐል ሪያልን ሪያል ብሎ የሚጠራ ጥቂት ነው። «እስቲ ሃምሳ ብር አበድረኝ» እንላለን። «ከፊሉ የሦስት ወር ብሬን ያዘብኝ» እንላለን። እኔም በምናወራው ቋንቋ ነበር ደብተሩን የምጽፈው።

አንዲት እህታችን ስምንት ወር ከጣለች በኋላ፣ ዕጣ ሳይወጣላት በኹሩጅ አገሯ ገባች። በደንባችን መሠረት መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው የጣለው የሚመለስለት ዙሩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ በስሟ ትይዩ «ቀሪ አላት፣ 4,000 ብር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እኔም ለኢጃዛ አገር ቤት ሄድኩ፤ ደብተሩን ለሌላ ወንድም አስረከብኩ።

ዙሩ አለቀ። አዲሱ ጸሐፊ እኔ የጻፍኩትን አነበበ፤ ልጅቷ ያለችው አገር ቤት ነው፣ ደብተሩም ብር ይላል፣ 4,000 የኢትዮጵያ ብር በሐዋላ ላከላት። በዛሬው ምንዛሪ ከመቶ ሪያል ብዙም አይርቅም። ሣጥኑ ውስጥ የተረፈውን ገንዘብ ደግሞ ከዘገዩ ሰዎች የተሰበሰበ የቅጣት ገንዘብ ነው ብለው አስቀመጡት።

ልጅቷ ደውላ አልተጣላችም። ዝም አለች። እኔ የሰማሁት ተመልሼ ከመጣሁ በኋላ ከሌላ ሰው ነው፤ «ሱወይዲ ያሉት ወገኖቼ በሉኝ» ብላ ለእናቷ አልቅሳ ነገረቻት አሉ። የስምንት ወር የሰው ቤት ሥራዋ ነው። ደብተሩን ገልጬ አየሁት። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ሰውየው ምን ያድርግ? የተጻፈውን ነው የከፈለው።

በቀጣዩ ዓርብ ስንሰበሰብ ሁለት ጉዳይ ነበረን። አንደኛው የእህታችንን ገንዘብ መመለስ ነው፤ በዚያ ላይ የተከራከረ የለም። ሁለተኛው ግን ሰዓት ፈጀ፤ ከእንግዲህ ደብተሩ ላይ ገንዘባችንን ምን ብለን እንጥራው? አንዱ «ሪያል በቃ» አለ። አንዱ «የራሳችን ስም ይኑረን፤ አንዱን ዕጣ ሱወይዲ እንበለው» ብሎ አሳቀን። አንዱ «አሞሌ» አለ፣ አንዱ ደግሞ «ጠገራ»። ዳኛችን በዕድሜ ገፋ ያሉ የወሎ ሰው ናቸው፤ «ጥፋቱን ያመጣው ልጅ እስቲ ይህ ብር የሚሉት ስም ከየት እንደመጣ አጥንቶ ለሚቀጥለው ይንገረን» ብለው ቅጣቴን ፈረዱ። ያጠናሁት ይኸውና።

ከመዓድኑ የወጣ ስም

ብር መጀመሪያ የገንዘብ ስም አልነበረም፤ የመዓድን ስም ነው። ግእዙ ብሩር ይለዋል። የጆሮ ጉትቻው፣ የእጅ አምባሩ፣ መስቀሉ የሚሠራበት ነጭ መዓድን ማለት ነው። ሕዝቡ ከዚያ መዓድን የተሠራውን ገንዘብ ብር እያለ ጠራው፣ ቀስ በቀስም ማናቸውም ገንዘብ ብር ተባለ። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ፈረንሳዮች ገንዘብን አርዣን ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው ብር ነው። እዚህ አሠሪዎቻችን ፍሉስ የሚሉት ቃል ደግሞ ጥንት የመዳብ ሳንቲም ስም ነበር። ዐረቡ ገንዘቡን በመዳብ፣ እኛ በብር ጠራነው።

ከብሩ በፊትም ገንዘብ ነበረን። አክሱሞች ከሦስተኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ አንሥቶ፣ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም አስቀርጸዋል። ሰባተኛው መቶ ዓመት ላይ ያ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በሰሜንና በመካከለኛው አገራችን ገበያ ከጨርቅና ከወርቅ ጋር ትልቁን ሥራ የሠራው አሞሌ ጨው ነው። ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ፣ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ደጋ ይወጣል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ጨው ቆራጩ ዘንድ ርካሽ የነበረው፣ ሸዋና ጎጃም ሲደርስ ውድ ነው። እንግዲህ «አሥር አሞሌ አለብኝ» ያለ ሰው የየት አገር አሞሌ እንደሆነ ካልተናገረ ነገር ይመጣል ማለት ነው። የእኔ ደብተር ችግር አዲስ አለመሆኑን እዚህ ላይ ሳገኝ ትንሽ ተጽናናሁ።

ባሕር ወዲያና ወዲህ የተገበያየች ሳንቲም

ከሱወይዲ ወደ ዲራ ስትሄዱ፣ መስመክ ምሽግ አጠገብ፣ ሱቅ አል-ዘል የሚባል ገበያ አለ። ምንጣፍ፣ ቢሽት፣ ዑድና ያረጀ ዕቃ ይሸጥበታል። አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ስዞር አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ አያቴን አየኋት። አያቴን ስል አንገቷ ላይ በክር አንጠልጥላ የኖረችውን ብር ማለቴ ነው፤ ወፍራም ሴት ያለችበት፣ ከጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር። እኛ ቤት ማርያ ቴሬዛ ወይም ጠገራ ብር ነው የምትባል። ሽማግሌውን «ይህ ማን ይባላል?» አልኩት። «ሪያል ፈራንሲ» አለኝ። «የአያቴ ዘመን ገንዘብ ነው» ብሎም ጨመረልኝ። የእኔም የአያቴ ዘመን ገንዘብ ነው አልኩት፤ ሳቀ።

ሳንቲሟ የኦስትሪያ ናት። እቴጌ ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ገንዘቧ ግን ባሕር ወዲህም ወዲያም ስለተወደደ፣ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት እንደያዘ መመታቱ ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ንጹሕ ብሩ ከስድስት እጅ አምስቱ። ይህ ልክ አልተለወጠም። የእኛ ነጋዴዎች ሲቀበሉ ደረቷ ላይ ያለውን የጌጥ ፍሬ ይቆጥራሉ፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ይሰማሉ። መልኳ ከተለወጠ አይቀበሏትም።

ይህችው ሳንቲም ከቀይ ባሕር ማዶ ሪያል ተባለች፣ ከወዲህ ብር ተባለች። ሪያል የሚለው ቃል ከስፔን የመጣ ነው፤ ሬያል፣ ማለት ንጉሣዊ፣ የሚባል የቆየ የብር ሳንቲም ነበራቸው። ፈረንጆቹ ራሳቸው ታለር ይሏታል። ታለር የመጣው በቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ካለች ዮአኪምስታል ከምትባል የብር መዓድን ቦታ ነው፤ ታል ሸለቆ ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት እዚያ የተመታው ሳንቲም የሸለቆው ልጅ ተባለ። ዶላር የሚለውም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። እንግዲህ የዓለም ትልቁ ገንዘብ በአንድ ሸለቆ ስም ይጠራል፣ እዚህ ደመወዛችንን የምንቀበልበት በሩቅ አገር ነገሥታት፣ የእኛው በመዓድኑ።

ንጉሥ አብዱልዓዚዝ በ1928 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የብር ሪያል ሲያወጡ ሕዝቡ የለመደውን ስም አልቀየሩም። አዲስ ገንዘብ፣ የቆየ ስም።

ቤተ መንግሥቱ ሌላ ሲል፣ ገበያው ብር ሲል

ዳግማዊ ምኒልክም የሠሩት ይህንኑ ነው። በፓሪስ አስመትተው 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበትን፣ የራሳቸውን ምስልና አንበሳ የተቀረጸበትን ገንዘብ አወጡ። የውጭ ሰዎች ታላሪ አሉት፤ አማርኛው ግን ብር ነው። ዝርዝሩ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና ቤሳ ይባል ነበር። ግርሽ የምንለው እዚህ ቂርሽ የሚሉት ነው፤ ሃያ ቂርሽ አንድ ሪያል እንደሚሆን የድሮ ሰዎች ይነግሯችኋል። ቤሳም ባሕር አቋርጦ የመጣ ስም ነው፤ ዖማን ዛሬም ዝርዝሯን ባይሳ ትለዋለች። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ስንል የዚያ ዘመን ገንዘብ ስም ነው አፋችን ላይ የቀረው።

የንጉሡ ብር ወጣ ማለት ግን ጠገራዋ ገባች ማለት አይደለም። ገበሬውና ነጋዴው የሚያውቃትን አልለቅም አለ። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ወረቀት ገንዘብ ሲያወጣም፣ እርሱን የተካው የኢትዮጵያ ባንክ በ1932 እ.ኤ.አ. ሲያትምም፣ ከከተማ ወጣ ሲሉ ሰው የሚጠይቀው ሲወድቅ የሚጮኸውን ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ሊሬን ይዞ መጣ። ሊሬ በአዋጅ ተነገረ፣ በየገበያው ተበተነ። የጣሊያን መንግሥት ራሱ ግን ወረቀቱ እንደማይበቃው ቀድሞ አውቆ ነበር፤ በ1935 እ.ኤ.አ. የማርያ ቴሬዛን መምቻ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። እንግሊዞችም ተከትለው ለንደን ላይ፣ በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ቦምቤይ ላይ አስመቱ። ሁለት ጠላት መንግሥታት ከሞተች መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፋት የሦስተኛ አገር ንግሥት መልክ ያለበትን ገንዘብ መቱ። ለምን? የእኛ አገር ገበሬ ሌላ አልቀበልም ስላለ ነው። እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ያስደነቀኝ ይሄ ነው።

ከድል በኋላ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አስገቡ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ። በአማርኛ ስሙ የኢትዮጵያ ብር ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን የኢትዮጵያ ዶላር ተባለ። አንዱ ብር ሁለት ሽልንግ ነበርና፣ ግማሹን፣ 50 ሳንቲሙን፣ ሕዝቡ ሽልንግ አለው። ሽልንጉ ከገበያ ጠፍቶ አባቶቻችን 50 ሳንቲምን እስከ ትናንት ሽልንግ ይሉት ነበር። ስም የተሰጠው ነገር ከሞተ በኋላም ይኖራል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሪያድ ሰዎች ልዩ የሆነ ነገር አለ። ይህ ገንዘብ ሲወጣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ይኸው ሰው በ1952 እ.ኤ.አ. የሳዑዲ ዓረቢያ የገንዘብ ኤጀንሲ፣ ሳማ የምንለው፣ ሲቋቋም የመጀመሪያው ገዥ ሆነ። ብሩን ሲያቋቁም የነበረ ሰው ሪያሉን ለማቋቋም ባሕሩን ተሻገረ ማለት ነው። እኛም ከብር ወደ ሪያል በዚያው ባሕር ላይ አይደል የመጣነው? ልዩነቱ እርሱ በኢቃማ አልተጨነቀም።

በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ ኖት ሲያወጣ በእንግሊዝኛውም ዶላር መባሉ ቀረና በሁሉም ቋንቋ ብር ሆነ። ታለር፣ ታላሪ፣ ሊሬ፣ ሽልንግ፣ ዶላር፤ እነዚህ ሁሉ ስሞች ከላይ መጥተው ከላይ ሄዱ። ገበያው የሰጠው ስም ቀረ።

ስም ተመርጦ ሲወጣ

ሌሎች አገሮች ተቀምጠው ስም መርጠዋል። ኤርትራ በኅዳር 1997 እ.ኤ.አ. ገንዘቧን ስታወጣ በትግሉ ዘመን በታወቀች ከተማ ስም ናቅፋ አለችው። አውሮፓውያን በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ላይ ተሰብስበው፣ ኤኩ የሚለውን ትተው ዩሮ አሉ፤ ከየትኛውም አገር ገንዘብ ጋር የማይምታታ ስም ፈልገው ነው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ደግሞ በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ለጋራ ገንዘባቸው ኤኮ የሚል ስም አጸደቁ፤ ገንዘቡ ግን እስካሁን ገበያ አልወጣም። ስም አውጥተው ልጁን እየጠበቁ ናቸው። እንግዲህ ስም መምረጥ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ስሙን የሰማ ሁሉ አንድ ነገር እንዲረዳ ማድረግ ነው።

የእኛ ችግርም እዚህ ነው። ብር የሚለው ቃል ሦስት ነገር ተሸክሟል፤ መዓድኑን፣ ገንዘብን ባጠቃላይ፣ የኢትዮጵያንም ገንዘብ። አገር ቤት ሆነን ስንናገር ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ስለሆኑ አይጋጩም። ሱወይዲ ስንሆን ይጋጫሉ። ያውም ልዩነቱ እየሰፋ ነው የሄደው። ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ እንደተቸነከረ ነው። የእኛው ብር በደርግ ዘመን ለአንድ ዶላር 2.07 ነበር፤ አስቡት፣ ያኔ በባንክ ሒሳብ አንድ ብር ከአንድ ሪያል ይበልጥ ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላሩ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶ አለፈ። ደብተር ላይ «ብር» ብሎ መጻፍ ያባቶቻችን ዘመን ላይ ትንሽ ስሕተት ነው፤ ዛሬ የሰው ጉልበት መብላት ነው።

ዓርብ ያልነው

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ሱወይዲ እንበለው ያለው ልጅ ሐሳቡን አነሣ፤ «የሰፈር ስም ከሆነ ነገ ወደ መንፉሓ ብንዛወር ምን ልንለው ነው?» አለ። አሞሌ ያለችውም እህት፣ አሞሌ በየአገሩ ዋጋው እንደሚለያይ ስትሰማ «ይቅርብን፣ እሱስ ያው የተጣላንበት ነው» አለች።

ዳኛችን መጨረሻ ላይ ተናገሩ። «እናቴ ጠገራ ብር ያስቀመጠች ሰው ነበረች» አሉ። «ያመነቻት ስሟን ወድዳ አይደለም። ዘንድሮም ከርሞም ክብደቷ ያው ስለሆነ ነው። ስም ማውጣቱን አውጡ፣ ግን ክብደቱን የፊተኛው ገጽ ላይ ጻፉት።»

እንዲህ ሆነ። በዕቁባችን አንድ ዕጣ አንድ ጠገራ ይባላል። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «1 ጠገራ ማለት 500 የሳዑዲ ሪያል ማለት ነው» ተብሎ ተጽፎ ሃያችንም ፈርመናል። ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ በሚላክበት ቀን ምንዛሪ የኢትዮጵያ ብር ተብሎ ከነቀኑ ይጻፋል። ብቻውን «ብር» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ አምሳ ሪያል ይቀጣል። በአፋችን ግን ያው ብር ነው የምንለው፤ የአፍን ነገር ማን ይከለክላል?

ለእህታችን የቀራት ገንዘብ፣ የምንዛሪ ደረሰኙ ፎቶ ተነሥቶ፣ በዚያው ሳምንት ተላከላት። እኔ ራሴ ደወልኩ። ምን እንደምላት አጥቼ «እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ብር ብዬ ጽፌ ነው» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «እኔም ሳወራ ብር ነበር የምለው» አለችኝ። ከዚያ «ለእናቴ ደውልላት፤ ክፉ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ደጉን አንተ ንገራት» አለች። ደወልኩላቸው። እናትየዋ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ብር ነው ልጄ?» ብለው ነው። እኔም፣ ተምሬያለሁና፣ በሪያልም በብርም ለየብቻ ነገርኳቸው።

እናንተም፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ የዕቁባችሁን፣ የዕድራችሁን፣ የብድራችሁንም ወረቀት አውጥታችሁ እዩት። «ብር» የሚል ካለ የቱ ብር እንደሆነ፣ የጻፈው ሰው ሳይሄድ፣ አጠገቡ ጻፉበት።